ከእንቁጣጣሽ እስከ ቁልቢ

መስከረም 1 ጠዋት ልክ በ12 ሰዓት መቁጠር ጀመራችሁ እንበል። በየሴኮንዱ አንድ ሰው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እንቅልፍ የለም፣ እረፍት የለም፣ ምላስ አይደክምም። የምትቆጥሩት ተገደው የሚሠሩ ሰዎችን ነው፤ ሥራውን ልተው ቢሉ የማይችሉትን፣ ልሂድ ቢሉ በሩ የተቆለፈባቸውን። አደይ አበባው ይረግፋል፤ እናንተ ትቆጥራላችሁ። ገና ያልፋል፣ ጥምቀት ያልፋል፣ ሁዳዴ ተይዞ ይፈታል፣ ክረምቱ ይገባል። የመጨረሻውን ሰው ስትጠሩ ቀኑ ሐምሌ 20 ነው፤ ሰዓቱም ከቀኑ 10 ተኩል አልፏል። የሐምሌው ቁልቢ ገብርኤል ማግስት፣ ስለቱን ያስገባው ምዕመን ወደየቤቱ እየተመለሰ ሳለ ማለት ነው።

ይህን ሒሳብ መጀመሪያ በወረቀት ስሠራው የተሳሳትኩ መስሎኝ ደገምኩት። ቁጥሩ 27.6 ሚሊዮን ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት፣ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅትና ዎክ ፍሪ የተባለው ተቋም በ2022 በጋራ ያወጡት ግምት ነው (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አበው ብዛት ሲገልጹ እልፍ ይሉ ነበር፤ እልፍ 10,000 ነው። ይህ 2,760 እልፍ ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ የአዲስ አበባ ነዋሪ ከ2.7 ሚሊዮን ትንሽ ይበልጥ ነበር፤ እንዲህ ያለ አሥር አዲስ አበባ ከሽሮ ሜዳ እስከ ቃሊቲ፣ ከኮተቤ እስከ ጦር ኃይሎች በግዳጅ ሠራተኛ ቢሞላ ነው። ያለፈቃዳቸው ተድረው የሚኖሩ 22 ሚሊዮን ሰዎች ደግሞ ለብቻቸው ተቆጥረዋል፤ እዚህ ውስጥ የሉም።

ሴቶችንና ልጃገረዶችን ብቻ ለይተን እንቁጠር ብንል ጥምቀት አልፎ፣ አስተርእዮ ማርያም ልትገባ ጥቂት ቀን ሲቀራት፣ ጥር 17 ምሽት ላይ እንጨርሳለን። 11.8 ሚሊዮን ናቸው። ሕፃናቱን፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ለብቻ ብንቆጥር ጥቅምት 9 ላይ እናቆማለን።

አሁን ሌላ ቆጠራ። የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ ከየአገሩ መንግሥታት የሚሰበስበው አኃዝ አለ። በ2023 በመላው ዓለም የሰው ንግድ ሰለባ ተብለው የተለዩት ሰዎች 133,943 ነበሩ። መስከረም 1 ጠዋት የጀመረ ቆጣሪ እነዚህን መስከረም 2 ማታ፣ 1 ሰዓት ከሩብ ሳይሞላ ይጨርሳል። በዚያው ዓመት የተፈረደባቸው ነጋዴዎችና ደላሎች 7,115 ናቸው። እነሱን ለመቁጠር ሁለት ሰዓት እንኳ አይፈጅም፤ የእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጥ ሳይቀርብ፣ ልጆቹ አበባየሆሽ ብለው ደጃፍ ሳይደርሱ ያልቃል። የግዳጅ ሥራና በሰው መነገድ በሕግ ቃል አንድ አይደሉም፤ አለካኩም ይለያያል፤ ስለዚህ ሁለቱን ቁጥር አንዱን ለአንዱ አካፍሎ እቅጩን አገኘሁ ማለት አይቻልም። ነገር ግን ከሁለት ሰዓት እስከ ሐምሌ 20 ያለው ርቀት በአለካክ ልዩነት የሚሞላ አይደለም።

ይህን ያህል ሰው እንዴት ከዓይን ይጠፋል? እኔ ከጥፋቱ አንዱ ቃላችን ውስጥ ያለ ይመስለኛል። እኛ ጉዳዩን የምንጠራው «ሕገ ወጥ የሰዎች ዝውውር» ብለን ነው። ዝውውር የእግር ኳስ ተጫዋች ከክለብ ወደ ክለብ ሲሄድ የምንለው ነው፤ የገንዘብ ዝውውርም እንላለን። ቃሉ ዓይናችንን ወደ መንገድ ይወስደዋል፤ ወደ ድንበር፣ ወደ ኬላ፣ ወደ ጀልባ። «ሕገ ወጥ» የሚለው ሲጨመርበት ደግሞ ፓስፖርትና ቪዛ ያላት ልጅ ከጉዳዩ የወጣች ይመስላል። የ2012 ዓ.ም. አዋጅ፣ ቁጥር 1178፣ ከዚህ ቃል ይሻላል፤ «በሰው መነገድ» እና «ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር» ብሎ ሁለት ወንጀል ለይቶ ያስቀምጣል። መሠረቱ በኅዳር 2000 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው የፓሌርሞ ፕሮቶኮል ነው፤ ሙሉ ስሙ «በተለይ ሴቶችና ሕፃናት» የሚል ሐረግ የያዘው። ፕሮቶኮሉ ሦስት ነገር ይጠይቃል። ሰው መመልመሉን፣ መጓጓዙን ወይም መቀበሉን፤ ይህም በማታለል፣ በማስገደድ ወይም ችግረኛነትን መጠቀሚያ በማድረግ መሆኑን፤ ዓላማው ብዝበዛ መሆኑን። ከ18 ዓመት በታች ላለች ልጅ ሁለተኛው አያስፈልግም። ድንበር መሻገር ግን ከሦስቱ ውስጥ የለም። «ፈቅዳ ነው የሄደችው» የሚለው የሠፈር ፍርድም ተታልላ ወይም ተገድዳ ከሆነ በዚህ ሕግ ፊት አይቆምም።

ወደ ቦሌ እንምጣ። ሌሊት መንገደኛ ሸኝቶ የሚያውቅ ሁሉ አይቷቸዋል። ተመሳሳይ ሻርፕ ያደረጉ፣ ሰነዳቸውን በላስቲክ አቃፊ ደረታቸው ላይ የያዙ፣ አንዷ ሌላዋን ላለማጣት እጅ ለእጅ የተያያዙ ልጆች። «ኮንትራት» የሚሄዱ ናቸው። የሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ ሚኒስቴር በሚባልበት ዘመን የነበረው መዝገብ እንደሚያሳየው ከመስከረም 2008 እስከ ነሐሴ 2013 ባሉት አምስት ዓመታት ወደ 460,000 ኢትዮጵያውያን በሕጋዊ መንገድ ወደ ዓረብ አገር ሄደዋል፤ አብዛኞቹ ወደ ሳዑዲ፣ ቀጥሎ ወደ ኩዌት። ከመቶው 94ቱ ለቤት ሠራተኝነት የሄዱ ሴቶች ነበሩ። ለአምስት ዓመት ቀናት ሲካፈል በየቀኑ 237 ሴቶች ማለት ነው፤ እሑድ የለ፣ በዓል የለ፣ በየማታው አንድ ትልቅ አውሮፕላን ሞልቶ። ሚኒስቴሩ ራሱ ደግሞ ይህ ከጠቅላላው ተጓዥ ከ30 እስከ 40 በመቶ ቢሆን ነው ብሎ ገምቶ ነበር። እንግዲህ በዚያው ጊዜ የወጣው ሰው ከ1.1 ሚሊዮን በላይ፣ ምናልባትም 1.5 ሚሊዮን ይደርሳል።

በመዝገቡ ላይ ያለችውን እንከተላት፤ ሕጋዊዋን። አሻራ ሰጥታለች፣ ተመርምራለች፣ ውል ፈርማለች። ስትደርስ ፓስፖርቷን አሠሪዋ ይወስደዋል። በከፋላ ሥርዓት መኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማዋ፣ በስፖንሰሯ ስም የተንጠለጠለ ነው፤ ቤቱን ለቃ ከወጣች «ጠፋች» ይባላል፣ በዚያች ደቂቃ ከሕጋዊ ወደ ሕገ ወጥ ትለወጣለች። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የግዳጅ ሥራን የሚያሳዩ 11 ምልክቶች አሉት። መታወቂያ ሰነድ መያዝ አንዱ ነው። ከሰው መነጠል፣ ከቤት እንዳይወጡ መከልከል፣ ደመወዝ ማስቀረት፣ ከልክ ያለፈ የሥራ ሰዓት፣ ማስፈራራት፣ ዕዳ፣ ስለ ሥራው ተዋሽቶ መምጣት፣ ዱላና የወሲብ ጥቃት፣ የከፋ አኗኗር፣ ችግረኛነትን መጠቀሚያ ማድረግ። ዓረብ አገር ደርሳ የመጣች እህት ወይም ጎረቤት ያላችሁ ይህን አንብቡላትና ስንቱን እንደምታውቀው ጠይቋት። እኔ ጠይቄያለሁ፤ ጣቶቿን እያጠፈች ቆጠረች፣ የአንድ እጅ አልበቃትም።

ሰዓቱን ደግሞ ተመልከቱ። ሳዑዲ ዓረቢያ በ2013 ስለ ቤት ሠራተኞች ያወጣችው ደንብ በቀን ቢያንስ 9 ሰዓት እረፍትና በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ይፈቅድ ነበር፤ ደንቡ በቅርብ ዓመታት ተሻሽሏል። 24 ሲቀነስ 9፣ 15 ሰዓት ይቀራል። ደንቡ ሳይጣስ፣ የዕረፍት ቀኗ ሳትነካ፣ በወር 390 ሰዓት ማሠራት ይቻል ነበር። በኢትዮጵያና በሳዑዲ ስምምነት የደመወዝ መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው 1,000 ሪያል ነው። በሰዓት ሁለት ሪያል ተኩል ገደማ። ያውም ተከፍሎ ከሆነ።

ያልተከፈለው ስንት ይሆን? ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2024 የግዳጅ ሥራ በዓመት 236 ቢሊዮን ዶላር ሕገ ወጥ ትርፍ እንደሚያስገኝ አስልቷል። ቅድም የጀመርነው ቆጣሪ አንድ ሰው በጠራ ቁጥር፣ በዚያች አንዲት ሴኮንድ፣ ወደ 7,500 ዶላር ገደማ አንድ ቦታ ኪስ ይገባል። ትልቁ ድርሻ በወሲብ ንግድ የሚገኘው ነው፤ ከአንድ ሰለባ በዓመት 27,252 ዶላር። በሰው ቤት ተገድዳ ከምትሠራው የሚገኘው ግን ከሁሉም ያነሰ ነው፤ በዓመት 1,570 ዶላር። ትልቁ ቁጥር የሚያስደነግጠውን ያህል እኔን ይህ ትንሹ ያስደነግጠኛል። ለአሥራ ሁለት ወር ሲካፈል 131 ዶላር ይሆናል። አንዲት ልጅ ከአገሯ፣ ከቋንቋዋ፣ ከእናቷ ተለይታ፣ ስልኳ ተነጥቆ፣ ኩሽና ጥግ ወይም ሕፃናቱ እግር ሥር ተኝታ፣ የቤቱ ባለቤት ያተረፈባት በወር 131 ዶላር ነው። ይህን የሚያደርገው ወንበዴ ቡድን አይደለም። ልጆቹን ትምህርት ቤት የሚያደርስ፣ ለጎረቤቱ ሰላምታ የሚሰጥ ቤተሰብ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ጥቂት ነውና ማንም አይደነግጥም፤ በዓለም ሲደመር 2.6 ቢሊዮን ዶላር ነው።

በሩ ሲከፈት የሚታየውን ሊባኖስ አሳይታናለች። የአገሪቱ የ1946 የሥራ ሕግ በ7ኛ አንቀጹ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓል። ሂዩማን ራይትስ ዎች ከጥር 2007 እስከ ነሐሴ 2008 በዚያ የሞቱ ስደተኛ የቤት ሠራተኞችን ቆጥሮ ነበር። ቢያንስ 95 ሆኑ፤ በሳምንት ከአንድ በላይ። ከነዚህ ውስጥ በሕመም የሞቱት 14 ብቻ ናቸው። 40ው ራሳቸውን አጠፉ ተብሎ ተመዘገበ። 24ቱ ከፎቅ ወድቀው ሞቱ፤ ብዙዎቹ በመስኮት ወይም በሰገነት ሊያመልጡ ሲሞክሩ። እነዚህ ወጣቶች ናቸው፤ ጤነኛ ናችሁ ተብለው፣ ተመርምረው የሄዱ። መውጫ በር ያለው ሰው በመስኮት አይወጣም። በ2012 ደግሞ ቤይሩት በሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ አንዲት የሁለት ልጆች እናት እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ በካሜራ ተቀርጾ ዓለም አየው። በሳምንታት ውስጥ ሆስፒታል ውስጥ ሞተች። ወደ ሊባኖስ መሄድ ያኔ በመንግሥታችን ከታገደ ዓመታት አልፈውት ነበር።

ስለ እገዳ ከተነሣ፣ በጥቅምት 2013 መንግሥት ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ መሄድን በጠቅላላ አገደ፤ እስከ 2018 ቆየ። በባሕር ወደ የመን የገባው ሰው በ2013 ከ65,000 ትንሽ ይበልጥ ነበር። በ2014 ከ91,000 አለፈ። በ2015 የመን ጦርነት ውስጥ ገባች፤ ቦምብ ይዘንብባት ጀመር። በ2016 የገባው ከ117,000 በላይ ሆነ፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ። እገዳው ነው ያሳደገው አልልም፤ ከእገዳው በፊት በ2012ም ከ107,000 በላይ ተሻግረው ነበርና። እንዳላቆመው ግን ቁጥሩ ራሱ ይመሰክራል። በ2019 ከ138,000 በላይ ሰው ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመን ሲሻገር፣ በዚያው ዓመት ሜዲትራኒያንን ያቋረጠው ከ110,000 ብዙም አይበልጥም ነበር። ዓለም ስለ ሜዲትራኒያን ሲነጋገር የሰው ብዛት የነበረው እኛ ባሕር ላይ ነው፤ ከአሥሩ ተጓዥ ዘጠኙ ገደማም የእኛ ሰው ነበር። ከወሎ፣ ከራያ፣ ከጅማ፣ ከአርሲ ወጥቶ፣ ከባሕር ወለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ በሚገኘው የጅቡቲ አሳል ሐይቅ አካባቢ በእሳት ላይ ተራምዶ፣ ኦቦክ ዳርቻ ጀልባ የሚጠብቅ። ይህ ጉዞ ሲጀመር ማሻገር ነው፤ ደላላው ገንዘብ ተቀብሎ ያሻግራል። የመን ባሕር ዳር ላይ ታግቶ፣ እየተደበደበ፣ ለቤተሰቡ ስልክ ተደውሎ ቤዛ ሲጠየቅ ነገሩ ሌላ ሆኗል። አንድ ሰው በአንድ ጉዞ ከአንዱ ወንጀል ወደ ሌላው ይሻገራል። ሴት ከሆነች ደግሞ በዚያ ግቢ የሚጠብቃት ምን እንደሆነ ተመልሰው የመጡ ወንዶች እንኳ ሲናገሩ ድምፃቸው ይዘጋል። ሳዑዲ ድንበር የደረሱትም ቢሆኑ፣ ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 ባለው ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን በድንበር ጠባቂዎች እንደተገደሉ ሂዩማን ራይትስ ዎች አትቷል፤ የሳዑዲ መንግሥት አስተባብሏል።

አንድ የቁጥር ጥንድ ለብዙ ጊዜ አላስተኛኝም። ወረቀት የሌላቸውን ለማባረር በኅዳር 2013 በጀመረችው ዘመቻ ሳዑዲ በጥቂት ወራት ውስጥ 163,018 ኢትዮጵያውያንን መለሰች። ወንዶቹ 100,688፣ ሴቶቹ 53,732፣ ሕፃናቱ 8,598 ነበሩ። በመዝገብ ከሄዱት ከመቶው 94ቱ ሴቶች፤ ከተመለሱት ከመቶው 33ቱ ሴቶች። በርግጥ ወረቀት ያለው አይባረርም፤ በባሕር የገባው ደግሞ በብዛት ወንድ ነው፤ ልዩነቱን ይህ በከፊል ያስረዳል። ነገር ግን አፈሳ የሚደርሰው መንገድ ላይ፣ ግንባታ ቦታ፣ በግ ጥበቃ ላይ ነው። የሰው ሳሎንና ኩሽና ውስጥ አይገባም። ሴቲቱ ለፖሊስም አትታይም፣ ለኤምባሲም አትታይም፣ ለቆጣሪም አትታይም። ቤት ግላዊ ነው ተብሎ ሁሉም ደጃፉ ላይ ጫማውን አውልቆ ይመለሳል።

ይህን የምጽፈው ወደ ዓረብ አገር ብቻ ጣት ለመቀሰር ብዬ አይደለም። በዓለም ያሉት 75.6 ሚሊዮን የቤት ሠራተኞች ከአራቱ ሦስቱ ሴቶች ናቸው፤ ከመቶው 36ቱ በአገራቸው የሥራ ሕግ ከነጭራሹ አይሸፈኑም። የእኛ የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለትርፍ ያልሆነን የግል አገልግሎት፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከወሰኑ ውጭ አድርጎ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ለሚያወጣው ደንብ ትቶታል። ከገጠር በዘመድ እጅ መጥታ፣ «ትማራለች» ተብላ፣ ጠዋት ከሁሉ በፊት ተነሥታ ማታ ከሁሉ በኋላ የምትተኛ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በየሠፈራችን አለች። ፕሮቶኮሉን እንደገና አንብቡ። ድንበር አያስፈልግም፤ ዕድሜዋ ከ18 በታች ከሆነ መታለሏም አያስፈልግም። ተቀብሎ ማስቀመጥና መበዝበዝ ይበቃል። ዓረብ አገር የሚሄዱት ብዙዎቹ መጀመሪያ ይህን ቤት ያዩ ናቸው። «እዚህ ከሆነ የማይቀር፣ እዚያ ቢያንስ ይከፈለኛል» ብላ የነገረችኝን ልጅ መልስ አጥቼ ነው የሸኘኋት።

አንድ ቆጠራ ይቀረኛል። ከ27.6 ሚሊዮኑ ውስጥ በሰው ቤት ተገደው የሚሠሩት 1.4 ሚሊዮን ናቸው። መስከረም 1 ጠዋት እነሱን ብቻ መቁጠር ብንጀምር የምንጨርሰው መስከረም 17 ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። የመስቀል ዕለት። ደመራው ነድዶ ከአመዱ በግንባር ላይ ተቀብቷል። መርካቶ ጭር ብሏል፤ ጉራጌው አገሩ ገብቷል። አሠሪዎቿ የፈቀዱላት፣ ከተማ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ትናንት በአውቶቡስ ገብታ እናቷ ቤት ቂቤ እያነጠረች ነው። ልጇ በሩቅ ያለችባት እናት ደግሞ ስልኩን ቻርጅ አስደርጋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ሜዳው ላይ ኔትወርክ የሚይዝበት ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ኢሞ ላይ የልጇ ስም ጎን አረንጓዴው ነጥብ ከሰኔ ወዲህ አልበራም።